እናቴን ይዤ ቱሉ ጉዶ፦ ከጅማ ወደ ዝዋይ ደሴቶች በትንሽ ገንዘብ

ስለቱ የእናቴ ነው። ታላቅ እህቴ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። እናቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ «ጽዮን ማርያም፣ ልጄን ከነልጇ ብትመልሽልኝ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። እህቴ ዳነች። ልጁም ዛሬ ቤቱን በሩጫ ያምሰዋል። ጃንጥላው ወዲያው ተገዛ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። የጎደለው የመንገድ ገንዘብ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ያሰበችው አክሱምን ነው። ከጅማ አክሱም ለእኛ አቅም የሚሞከር አልነበረም። እኔ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄን ለሁለት ሳምንት ብዘጋ የወሩ ኪራይ ከየትም አይመጣም። በኋላ መላ የሰጧት የንስሐ አባቷ ናቸው። «ዝዋይ ደሴት ላይ ጽዮን አለችልሽ» አሏት። በአባቶች ትውፊት በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሲሸሹ ያሳረፏት ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በቱሉ ጉዶ ደሴት ነው። 70 ዓመት ያህል እዚያ እንደቆየችም ይተረካል። የደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የጽዮን ማርያም ናት። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ።

ጣናን ያነሱልንም ነበሩ። እኔም አጠያየቅሁ። ጣና ላይ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ገዳማት ሴት አያስገቡም። እኛ ሁለት ሴቶች ነን። መንገዱም በጣም ይረዝማል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዝዋይ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ቱሉ ጉዶ ላይ ሴትም ወንድም ይገባል። ስለዚህ ወሰንን። የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 እዚያ እንድንሆን።

ይህን የምጽፈው እንደኛ በትንሽ ገንዘብ ለሚነሳ ሰው ነው። እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትደግሙት።

ከጅማ የወጣነው ረቡዕ ንጋት ላይ ነው። ትኬት ከአንድ ቀን በፊት ቆርጬ ነበር፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ጠዋት መናኸሪያ ደርሳችሁ ወንበር ብትፈልጉ ደላላ መሀል ይገባል፣ ዋጋውም ይጨምራል። መንገዱን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፣ ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት፣ ወልቂጤ፣ ወሊሶ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት መተላለፊያው ጎን አስቀመጥኳት። እግሯን እየዘረጋች መጣች። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርን። ዘመድ ካላችሁ አትፈሩ፣ ደውሉ። ዘመድ ከሌላችሁ ግን በአንድ ቀን ባቱ ለመግባት አትሞክሩ። ጅማ ተነስቶ ከሰዓት አዲስ አበባ የገባ ሰው ባቱ የሚደርሰው ጨለማ ላይ ነው። ማታ ላይ የደረሰ እንግዳ የሚነገረውን ዋጋ ሁሉ ይከፍላል። ደግሞ በማታ መጓዝ ለደኅንነትም ጥሩ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርብ ከተመላለሰ ሰው ጠይቁ።

በማግስቱ ከቃሊቲ በሚኒባስ ተነሳን። ረዳቱ አንዴ «ባቱ» አንዴ «ዝዋይ» እያለ ይጣራል። እናቴ ግራ ተጋባች። ሁለቱም አንድ ከተማ ነው። ዝዋይ የቆየው ስም ነው፣ ዛሬ ከተማው ባቱ ይባላል። ሐይቁን ደንበል የሚሉትም አሉ። በደብረ ዘይት፣ በሞጆና በመቂ አልፈን እኩለ ቀን አካባቢ ደረስን።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ እዚህ ይጀምራል። ባቱ ስንደርስ አልቤርጎ ይዤ፣ እናቴን አሳርፌ፣ ረጋ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ቸኮልኩ። ዛሬውኑ ተሻግረን ደሴቷ ላይ ብናድር የአልቤርጎ ገንዘብ ይተርፋል ብዬ አሰላሁ። ባጃጅ ይዘን በቀጥታ ሐይቅ ዳር ሄድን። ገና ከባጃጁ ሳንወርድ አንድ ልጅ መጣ። «ለጉብኝት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እንግዲህ ይቺ «አዎ» ብዙ ገንዘብ አስከፈለችኝ።

ሐይቅ ዳር ሁለት ቃል አለ። አንዱ መጎብኘት ነው፣ አንዱ መሻገር። ለመጎብኘት የመጣ ሰው ጀልባውን ብቻውን ይከራያል። ጀልባው ወስዶት፣ ጠብቆት፣ መልሶት ይመጣል። ለመሻገር የመጣ ሰው ደግሞ ደሴት ላይ ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ተሳፍሮ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል። የተጠየቅነው ለብቻ ኪራይ ነው። ከጅማ ባቱ ሁለታችን ለትራንስፖርት ካወጣነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ተከራከርኩ፣ ትንሽ ወረደልኝ። እንደ ድል ቆጠርኩትና ግማሹን በቴሌብር ቀድሜ ላክሁ። ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው። ቀብድ ከከፈላችሁ በእጃችሁ የሚቀር መደራደሪያ የለም። ሦስተኛው ስህተት ሰዓቱ ነበር። 9 ሰዓት ሊሆን ነበር።

ለጅማ ሰው ልንገራችሁ። እኛ ሐይቅ አናውቅም። ውሃ ስንል ወንዝ ነው የምናስበው። የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ነው፣ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግን ጥልቀት የለውም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ደግሞ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሥራቸውን በጠዋት ይጨርሳሉ። እኛ ስንነሳ ዳር ላይ የቆሙት ጀልባዎች ሁሉ የገቡ እንጂ የሚወጡ አልነበሩም። አየሁት፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ከዳር ከራቅን በኋላ ማዕበሉ ጀመረ። ጀልባው ከፊት ይነሳና ቧ ብሎ ይወርዳል። ውሃ ይረጨናል። ላይፍ ጃኬት ሁለት ነበር። አንዱ ማሰሪያው ተበጥሷል። ደህናውን እናቴ ለበሰች። እሷ ግን ስለ ራሷ አላሰበችም። ጃንጥላውን ጉያዋ ውስጥ አስገብታ፣ ጎንበስ ብላ በጀርባዋ ከውሃው ትከላከልለታለች። «ጽዮን፣ ጽዮን» ትላለች። ጀልባ ነጂው ልጅ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነው እኔ የፈራሁት። በመጨረሻ በኦሮምኛ «እንመለስ ወይስ እንቀጥል?» አልኩት። «አዴ ስለፈሩ እንመለስ» አለ፣ እናቴን ማለቱ ነው። እሱም ምክንያት ሲፈልግ የቆየ መሰለኝ። ተመለስን።

የላክሁት ገንዘብ አልተመለሰም። «ቤንዚኑ ተቃጥሏል» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ተቃጥሏል። የጀልባ ዋጋ ማለት በአብዛኛው የቤንዚን ዋጋ ነው። አንድ ሰው ብትሆኑም አሥር ብትሆኑም ቤንዚኑ ያው ነው። ለዚህ ነው ብቻ መከራየት ኪስ የሚያራቁተው። የዚያን ቀን ማታ ቀሪ ገንዘባችንን አልጋ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። መመለሻችንን ካነሳሁ ሌላ ጀልባ ለመከራየት አይበቃም። ለእናቴ ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። «ልሳለምና እመጣለሁ» ብላ ነጠላዋን ለበሰች።

ነገሩ የተለወጠው እዚያ ነው። እናቴ ባቱ ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለሠርክ ጸሎት ከተቀመጡት ሴቶች አጠገብ ተቀመጠች። ጸሎቱ ሲያልቅ «እኅቶቼ፣ ነገ ጽዮንን የሚያነግሥ ማን ነው?» አለች። ሦስቱ ነን አሉ። ሦስቱም የዛይ ተወላጆች ናቸው። ዛይ የደሴቶቹ ሕዝብ ነው። ቋንቋቸው ለስልጤኛና ለሐረሪ ይቀርባል። ዛሬ ብዙዎቹ ከደሴት ወጥተው በሐይቁ ዳርቻ፣ በባቱና በመቂ ይኖራሉ። ዘመድ ግን ደሴት ላይ አላቸው፣ ለበዓል ይሻገራሉ። «ከእኛ ጋር ነዋ፣ ማን ይተውሻል» አሏት። እኔ ቀኑን ሙሉ ደላላ ስጠይቅ ዋልኩ። እናቴ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። የአንድ ሰው ሒሳብ ሲነግሩን ደነገጥኩ። ለሁለታችን ተደምሮ በዚያው ቀን ከከሰርነው ሩቡን አይሞላም።

ስለዚህ ባቱ ስትገቡ መጀመሪያ የደሴት ሰው ፈልጉ። በዓል ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። በዓል ካልሆነ ደግሞ የደሴት ሰዎች ለገበያ ይመጣሉ። ዓሣ ይዘው መጥተው እህልና ሸቀጥ ይዘው ይመለሳሉ። የከተማው ሰው የገበያውን ቀን ያውቃል። የሚመለሱበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ከእነሱ ጋር ተሳፈሩ። ቀንና ሰዓት የምትመርጡት እናንተ ሳትሆኑ ጀልባው ነው። አንድ ተጨማሪ ቀን በእጃችሁ ካለ ብዙ ገንዘብ ታተርፋላችሁ። ለብቻ መከራየት ግድ ከሆነባችሁም ሰው አሰባስቡና ተካፈሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊትም የትኞቹ ደሴቶች እንደሚያወርዷችሁና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቋችሁ ተነጋገሩ። ጊዜና ገንዘብ አጥሯችሁ ሐይቁን ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ከባቱ ቀረብ ያሉት ደብረ ሲናና ገሊላ ይሻሏችኋል። ቱሉ ጉዶ ሩቅ ናት።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ሐይቅ ዳር ነበርን። ያ ትናንት ሲደበድበን የዋለው ውሃ ተኝቷል። ጀልባው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ ይዘምራሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ እንደ ሽማግሌ ቆመው ያዩናል። ፀሐይ ስትወጣ ቱሉ ጉዶ ከፊታችን ከፍ አለች። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ስሟ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ፣ ዳገት አለባት። ቤተ ክርስቲያኗ ከፍታ ላይ ናት። ጎን ለጎን የተደረደሩ የድንጋይ እርከኖች አሉ፣ የዛይ ገበሬዎች ያቺን ተዳፋት መሬት ለዘመናት ያረሱት በእርከን ነው። እኔ እርከኑን ሳደንቅ እናቴ በየእርከኑ ታርፋለች። ጉልበት የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ ምርኩዝ ያዙ፣ ቀድማችሁም ተነሱ።

ጃንጥላው ገባ። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ ለካህኑ ስትሰጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር ያ ቁም ሳጥን ላይ የከረመው ጃንጥላ ከሌሎቹ ጃንጥላዎች መሀል ተዘርግቶ አየሁት። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሰዓት መጻፍ አልችልም።

ከዚያ አራተኛውን ስህተት ሠራሁ። ጀልባው መቼ እንደሚመለስ አልጠየቅሁም። አብረን የመጣን ስለሆንን አብረን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ለካ ንፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ዑደቱ እንዳለቀ ይነሳሉ። እናቴ ጠበል ልጠጣ፣ ልሳለም ስትል፣ ዳገቱንም ቀስ ብላ ስትወርድ ጀልባው ሄዷል። ሴቶቹ በሌላኛው ጀልባ የተሳፈርን መስሏቸው ነው። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። የነበረኝ ገንዘብ ከጥቂት ብር በቀር ስልኩ ውስጥ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ግን ከአንዲት ቤት ደጃፍ ላይ ካሉ አዛውንት ጋር ሰላምታ ጀምራለች። «አባባ፣ ከጅማ ነው የመጣነው» አለች። «ከጅማ!» ብለው ተነሱ። ባለቤታቸው አስገቡን። እናቴ ለመንገድ ብላ ከጅማ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛ ነበር። እሱን አወጣች። ተቆላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እስከ ማታ ተጠጣ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮና እንጀራ ቀረበልን። መኝታ ሰጡን። ጠዋት ላይ የነበረችኝን ብር ልሰጥ ስል አዛውንቱ ተቆጡኝ። እናቴ በጆሮዬ «ሰው ቤት አድረሽ ብር አይሰጥም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ስጪ» አለችኝ። እናንተም ስትሄዱ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተር ያዙ። ክብደቱ ትንሽ ነው። ሱቅ ሩቅ ለሆነበት ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው። ግን ደሴት ላይ ሰው ያሳድረኛል ብላችሁ አስባችሁ አትሂዱ። እኛን ያሳደሩን ስለቸገረን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዛውንቱ ዓሣ የሚጭን ጀልባ አገኙልን። ይህ ጉዞ ከሁሉም የተሻለው ነበር። ጀልባው ቀጥታ አይሄድም። ጸዴቻ ደሴት ጎራ ብሎ ሰውና ቆሮሶ ዓሣ ጫነ። መንገድ ላይ በደንገል ታንኳ የሚያሰግር ልጅ አገኘን። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ዓሣ ተቀበሉት። ራቅ ብሎ ጉማሬዎች ከውሃው ብቅ አሉ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀንሶ በሩቁ ዞራቸው። እናቴ «እነዚህ ናቸው ትናንትና ሥር ሥራችን የነበሩት?» አለች። ለመጎብኘት ብለን በከፈልነው ገንዘብ ያላየነውን፣ ለመሻገር ብለን በአንድ ሰው ሒሳብ አየነው። ባቱ ስንደርስ ከአንዲት ሻይ ቤት ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ለጀልባው ላክሁ። እሱ በእምነት ነበር የጫነን።

ከዚህ በኋላ ያሉት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፣ ግን አትዝለሏቸው። ጥሬ ብር ያዙ፣ ዝርዝር ብር። በሁለት ቦታ ከፍላችሁ አስቀምጡ። ፓወር ባንክ ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁ ስልካችሁን ደሴት ላይ አጥፉት። የሚጠጣ ውሃ ከባቱ ግዙ፣ የሐይቁን ውሃ አትጠጡ። ሐይቁ ብልሃርዚያ አለበት፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን በባዶ እግር ገብታችሁ አትቁሙ፣ አትታጠቡ። ከጀልባ ስትወርዱ እግራችሁ ከነካው ወዲያው አድርቁት። ወባም አለ። እኛ የጅማ ሰዎች ወባን ስለምናውቅ እንንቃለን፣ እኔ ረጅም እጅጌ ልብስ ሳልይዝ ሄጄ በወባ ትንኝ ተነክሼ አደርኩ። ደግነቱ አልታመምኩም። ኮፍያ ወይም ሻሽ ያዙ፣ ውሃ ላይ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የሚመታው። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላና ረጅም ቀሚስ። በጾም የምትሄዱ ከሆነ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ያዙ። ባቱ ዓሣ በየደጃፉ ይጠበሳል። እናቴ ሽታው እየጠራት ጨክና አለፈችው። ፎቶ ስታነሱ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ካህናቱ ካሳዩዋችሁ በእጃችሁ አትንኩ። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ለብሳችሁ ማሰሪያውን ሳቡት። ከተበጠሰ ጀልባ ቀይሩ፣ አትፈሩ።

እሑድ ማታ ጅማ ገባን። ከገንዘባችን የተረፈው ከመናኸሪያ ቤት ለባጃጅ የሚበቃ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ገንዘብ ባልከስር ኖሮ እህቴንም ከነልጇ ይዘናት እንሄድ ነበር። አሁን እየቆጠበች ነው። ለቀጣዩ የኅዳር ጽዮን ልጁን ይዛ እንድትሳለም ተስማምተናል። ባቱ ካሉት ሴቶች የአንዷ ስልክ እናቴ ጋ አለ። በየበዓሉ ይደዋወላሉ። ባለፈው ሲደዋወሉ ሴትዮዋ ምን እንላክልሽ ብላ ጠየቀቻት። እናቴም «ምንም አልፈልግም፣ ብቻ ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠይቂልኝ» አለቻት።